ኢዳ የተሸጠችበት መጸው

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 8

ኢዳ ልትሸጥ ነው።

አዲስ ደብተር በመርዶ መጀመር ደግ አይደለም። ግን ምን ላድርግ፣ ደብተሩን የገዛሁት ጠዋት፣ ወሬውን የሰማሁት ከሰዓት በኋላ ነው። የክፍላችን ኃላፊ በፊካ፣ በቡና ዕረፍት ሰዓት፣ የቀረፋ ዳቦውን እያኘከ፣ የቡና ማሽኑ ይቀየራል እንደሚል ሰው ነገረን። ዩኒቨርሲቲው መርከብ ማስተዳደር ሰልችቶታል። ሰሜን፣ ኡሜዮ አካባቢ ያለ አንድ የምርምር ጣቢያ ገዝቷታል። በኖቬምበር መጨረሻ፣ ባሕሩ በረዶ ሳይሠራ ትሄዳለች።

ደብተሬ ሆይ፣ አንተ ኢዳን አታውቃትም። ከስቶክሆልም በስተደቡብ ካለች ደሴት ላይ የምትታሰር፣ ሰማያዊ፣ አጭርና ወፍራም መርከብ ናት። የጠረፉን ውሃ የማጠናው በእሷ ላይ ሆኜ ነው፤ አልጌውን፣ ጨውነቱን፣ ከታች ያለውን ጥቁር ጭቃ። ወንድሜ ሰሎሞን "ስምሽ ወርቅውሃ፣ ሥራሽ ጭቃ ውሃ" እያለ ይስቅብኛል። ካፒቴኗ ቲና ናት፤ ጡረታ ልትወጣ የተቃረበች፣ ያለ ውሻዋ አንድ እርምጃ የማትሄድ ስዊድናዊት። ሞተሩን የሚይዘው ሐዋዝ ነው። የውሃ ምህንድስና ሊማር መጥቶ፣ ሞተር ወዶ እዚሁ የቀረ የአገሬ ልጅ።

ገዢዎቹ "ማሺኒስቱም አብሯት ይምጣ፣ አመሏን የሚያውቀው እሱ ነው" ብለዋል አሉ።

ያዘንኩት ለኢዳ ነው። ስምንት ዓመት የሠራሁባት መርከብ ናት። ይህን ልብ በልልኝ።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 11

እንቁጣጣሽ! ባሕር ላይ! ፀሐይ ወጥታ፣ ነፋሱ ለስልሶ፣ እኔም እንደ ልጅ ሆኜ ዋልኩ። ከሦስት ቀን በፊት መርዶ የሰማ ሰው እንዲህ ይፈነጥዛል? ይፈነጥዛል።

የውሃውን ጥራት የምንለካው በነጭ ሰሃን ነው። ሐዋዝ በገመድ ቀስ እያደረገ ወደ ታች ይለቀዋል፣ እኔ ከጎኑ ጎንበስ ብዬ አያለሁ። ከዓይኔ ሲሰወር "ጠፋ" እላለሁ፤ ሲስበው ደግሞ "ታየ" እላለሁ። ጥልቀቱ ይመዘገባል። ያው ስምንት ዓመት ሙሉ እንጣላበታለን።

"ጠፋ" አልኩ።

"ለኔ ይታየኛል" አለ።

"የሚያየው ዓይን የኔ ነው፣ አንተ ገመድህን ያዝ!"

"ያንቺ ዓይን ቶሎ ተስፋ ይቆርጣል።"

ቲና ከላይ ሆና በስዊድንኛ ቁልቁል ጮኸች፤ "እናንተ ሰዎች፣ ቁጥር ስጡኝ!" "ጠፋ"ና "ታየ"ን ከኛ ለምዳ ለውሻዋ ሳይቀር ትላቸዋለች።

ከዚያ ምሳ ላይ "ለምን አላገባሽም?" ብላ ጠየቀችኝ። እንደዚያ ነች፣ ዙሪያ ጥምጥም አታውቅም። አፌ ደግሞ ልጓም የለውም። "እኔን የፈለገ ሽማግሌ ይላክ! ወንድሜ ቤት፣ ኡፕላንድስ ቬስቢ፣ ሁለተኛ ፎቅ!" ብዬ ጮህኩ። ለቲናም አስረዳኋት፤ የተከበሩ ሰዎች ይመረጣሉ፣ ወደ ልጅቷ ቤት ይሄዳሉ፣ ተቀመጡ ቢባሉ አይቀመጡም፣ ጉዳያቸው እሺታ እስኪያገኝ ይቆማሉ። ቲና በሳቅ ፈረሰች። ሐዋዝ አልሳቀም። ከምሳ በኋላ ሰሃኑን ሲያወርድ የገመዱን ምልክት ስቶ ሁለት ጊዜ ደገምነው፤ ያ እሱ ላይ ደርሶ አያውቅም።

አሁን አልጋዬ ላይ ሆኜ ፊቴ ይቃጠላል። የአርባ ሦስት ዓመት ሴት፣ ያውም ዶክተር! ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ቀልድ መሆኑ ገብቶታል፣ መቼም።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 23

ችኮላ። ማዕበል። ሦስት ጣቢያ ብቻ ተሠራ። የጭቃ ማውጫው ዊንች እየጮኸ ስለሆነ መነጋገር የለም፣ በእጅ ምልክት ነው፤ ጣት ወደ ላይ፣ ሳብ። ጣት ወደ ታች፣ ልቀቅ። ጡጫ፣ ቁም። ሐዋዝ ከመቶ ሜትርም ቢሆን የኔን ጡጫ ያያል።

ጭቃ ጸጉሬ ውስጥ ገብቷል። ደስ ብሎኛል። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 5

ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ምሳ ሰሎሞን ቤት ነበር። አባታችን ካረፈ ወዲህ የቤቱ ራስ እሱ ነው፤ ሶልና ሆስፒታል ነርስ፣ እሑድ ደግሞ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ። ሚስቱ ርሆቦት ወጥ ቤት ውስጥ ከእህቶች ጋር ስትጫወት በበሩ በኩል ሰማሁ።

"ወርቅውሃማ ከባሕር ጋር ተጋብታለች" አለች አንዷ።

"ባሏ ክረምት ላይ በረዶ ይሆናል እንጂ" አለች ሌላዋ፣ ሁሉም ሳቁ።

እኔም ከውጭ ሳቅሁ። እውነትም ያስቃል። ግን ሳህኔን ይዤ ትንሽ ቆምኩ። ባሌ ተብዬው ባሕር እንኳ መርከቡን ሊቀማ ነው።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 17

ዛሬ መርከቧ ላይ የነበሩት ሰዎች ሁሉ ያበዱበት ቀን ነው።

አንደኛ፣ ሐዋዝ ጸጉሩን ተስተካክሎ መጣ። ጆሮዎቹ እንደዚያ ትልልቅ መሆናቸውን አላውቅም ነበር። ደስ ይላሉ። (ስለ ጆሮ ነው የምጽፈው።) ሁለተኛ፣ ቲና ካፒቴን ክፍሏ ውስጥ ሸሚዝ ትተኩሳለች። መርከብ ላይ! ስታየኝ ደንግጣ፣ "እነዚያ ሽማግሌዎች ሳይቀመጡ ምን ያህል ይቆማሉ?" አለችኝ።

"እግራቸው እስኪያብጥ!" አልኳት።

"ጥቁር ኮት ይሆናል?"

"ለምን አይሆንም።"

የሆነ የሐበሻ ሠርግ ተጠርታ መሆን አለበት። ሐዋዝ ደግሞ ከሞተር ክፍል በስልክ፣ "እሺ ጋሽ ዓምደ ሚካኤል፣ ነገ በስምንት ሰዓት፣ ፔንደልቶጉ ላይ እንዳይረሱ" ሲል ሰማሁት፤ የከተማ ዳር ባቡሩን ማለቱ ነው። ጋሽ ዓምደ ሚካኤል በቀድሞው ዘመን በተማሪነት የመጡ ጡረተኛ ፕሮፌሰር ናቸው፤ የትም ቁጭ ካሉ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ለምን እንደሚፈልጋቸው እንጃ። የአዛውንት ጉዞ ያስተባብር ይሆናል፣ ደግ ሰው ነው።

እሑድ፣ ኦክቶበር 19

የሰሎሞን ቤት ሶፋ ላይ የውሻ ጸጉር! ርሆቦት ውሻ በቴሌቪዥን ስታይ እንኳ እግሯን የምትሰበስብ ሴት ናት። የወንድሜ ልጅ ሩታ፣ እንደ ልማዷ በስዊድንኛ፣ "ፋስተር፣ ትናንት ውሻ መጥቶ ነበር፤ አልቀመጥም ካለች ሴትዮ ጋር" አለችኝ። ፋስተር አክስቴ ማለቷ ነው።

"ሩታ! ድፎውን ብዪ!" አለች ርሆቦት።

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ልጅቷ ውሻ ግዙልኝ ብላ ስታለቅስ ነው የከረመችው፤ ዶሮ ብታልም ጥሬዋን። ጸጉሩም የጎረቤት ውሻ ሊፍት ውስጥ ያራገፈው ይሆናል።

ሰሎሞን ደግሞ ቡና ላይ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን እያገላበጠ፣ "መርከቡ ላይ ያለው ሰውዬ... ሞተረኛው... ይጠጣል?" አለኝ።

"ሐዋዝ? ሻይ።"

"የኛ አይደለም አይደል? ኦርቶዶክስ ነው?"

"ጾም አያልፈውም። ዓርብና ረቡዕ ባቄላ ሲበላ መርከቧ ሁሉ ይሸታል።"

"የሚጾም ሰው እግዚአብሔርን ይፈራል" አለ፣ ለራሱ። ከዚያ፣ "ሲቆጣ እንዴት ነው?"

"ሰሎሞን፣ መኪናህ ተበላሽታ ከሆነ በግልጽ ንገረኝ፣ መጥቶ ያይልሃል!"

ቡናው ትን አለው። ርሆቦት ጀርባውን ስትመታው እሷም እየሳቀች ነበር። ምን ሆነዋል?

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 21

"ሰሃኑን ላውርድልዎ?" አለኝ ሐዋዝ።

ልዎ! እኔን አንቱ! ስምንት ዓመት "አንቺ ዕውር" ሲለኝ የኖረ ሰው!

"ማን ሞቶ ነው አንቱ የሆንኩት?" ብዬ ቀለድኩ። አልሳቀም። "ጠፋ" ስል ዝም ብሎ ጻፈ። አልተከራከረኝም። ቲና ደግሞ ስታልፍ ትከሻዬን ጫን አደረገችው፣ ልክ ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው። ውሻው ብቻ ነው እንደ ድሮው የላሰኝ።

አንድ ነገር ተናግሬ አስቀይሜው ነው። ያ የሽማግሌ ቀልድ ነው። አፌ ቁርጥ ይበል።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 1

ድስቴን ልወስድ ሳልደውል ሰሎሞን ቤት ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ዶሮ፣ ድፎ፣ ያ እንግዳ ካልመጣ የማይወጣው የብርጭቆ ስብስብ። ሰሎሞን ክራቫት አስሯል። ሲያየኝ እንደ ሌባ ደነገጠ።

"ማን ሊመጣ ነው?"

"ማንም።"

እስኪመሽ ማንም አልመጣም። እኔ ግን ዶሮዋን በላሁ፤ ነፍሷን ይማርና እንዲህ የጣፈጠ ወጥ ቀምሼ አላውቅም። ሰሎሞን በመስኮት በኩል ወደ ጣቢያው እያየ "ሰው የተቀጠረበትን ቀን እንዴት አያከብርም? ሽማግሌ የላከ ሰው እንዲህ ይቀልዳል?" አለ።

"የማንን ሽማግሌ?"

"የ... የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ነው።"

ወንድሜን ኃላፊነቱ ከብዶታል። ልጸልይለት ይገባል።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 14

ሐዋዝ ከኢዳ ጋር ይሄዳል። ኡሜዮ ሲደርስ ውሉን ይፈርማል። ዛሬ ቆሞ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ "እዚህ የሚያቆየኝ ነገር የለም፣ ዶክተር" አለኝ።

ዶክተር።

"እንኳን ደስ ያለህ!" አልኩ። ሳቅሁ። በጣም ብዙ ሳቅሁ፣ ስለ ሰሜኑ ቅዝቃዜ ቀለድኩ፣ ሹራብ ልሥራልህ አልኩ፣ ምን ያላልኩት አለ። ከዚያ ናሙና ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁና የጠርሙሶቹ ፎርማሊን ዓይኔን አስለቀሰኝ። ክዳናቸው የተዘጋ ነበር፣ ግን ፎርማሊን ነው።

እሺ። ፎርማሊን አይደለም። ለራስ ደብተር መዋሸት ውሃ መውቀጥ ነው፤ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። መርከብ ቢሸጥ ሌላ መርከብ ይከራያሉ። ሐዋዝ ነው የሚሄድብኝ። ይኸው፣ ጻፍኩት። እወደዋለሁ። አሁን ምን ይሁን? እሱ አንቱ ይለኛል።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 25

እየቸኮልኩ ነው፣ ፊደሌ ካልተነበበ ይቅርታ። ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ጠዋት ኢዳን ልሰናበት ደሴቷ ሄድኩ። ውርጭ ነበር፤ ገመዶቹ ደርቀው እንደ እንጨት ሆነዋል። ሐዋዝ ታች ሞተሩን አስነስቶ ያሞቃል። መጥቶ ሰላም ሊለኝ አልፈለገም። ቲና ወደ እኔ መጣችና አቀፈችኝ፣ ከዚያ፣ ዙሪያ ጥምጥም ስለማታውቅ፣ "ወንድምሽ እምቢ ባይል ኖሮ ጥሩ ነበር። እኔ የቻልኩትን ቆሜያለሁ" አለችኝ።

"ምን እምቢ?"

"የጋብቻውን።"

"የማንን ጋብቻ?"

ቲና አየችኝ። ውሻውም አየኝ።

እዚያው ወደቡ ላይ ነው ሁሉንም የሰማሁት። ያን የእንቁጣጣሽ ቀልዴን ሐዋዝ የምሩን ወስዶታል። እዚህ ዘመድ የለውም፤ ስለዚህ ሽማግሌ እንድትሆነው ቲናን ለመናት። መሪያቸው ጋሽ ዓምደ ሚካኤል ነበሩ፣ ግን ፔንደልቶግ ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው ኡፕላንድስ ቬስቢን አልፈው ኡፕሳላ ነቁ። በኀፍረት ስልካቸውን ዘግተው ከዚያው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሰዓቱ ሲደርስ ቲና ብቻዋን ገባች፤ ጥቁር ኮት፣ የተተኮሰ ሸሚዝ፣ ውሻ። ርሆቦት ወንበር ላይ ወጣች። ሰሎሞን "ተቀመጪ" ቢላት፣ ቢላት፣ "አልቀመጥም፣ ልጃችሁን ለልጃችን ልጠይቅ ነው የመጣሁት" አለች።

"ከዚያስ?" አልኳት።

"ከዚያማ ወንድምሽ በጣም በትሕትና፣ 'እናስብበት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ' አለኝ። ገባኝ። የኛ የቤት አከራዮችም እንደዚያ ነው የሚሉት፤ እምቢ ማለት ነው። ሐዋዝ ምን አሉ ሲለኝ ማንጠልጠል ጭካኔ መስሎኝ በቀጥታ አይሆንም ብለዋል አልኩት። ተጨማሪ አልጠየቀኝም።"

ወይኔ! ወይኔ! ስለ መቆሙ ያስረዳኋት እኔ፣ ስለ መመለሱ ያላስረዳኋትም እኔ! የመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል ቤተሰብ የት አለ? ልጅ እንደ ጎመን ይሸጣል እንዴ? ሐዋዝም አልጠየቀም፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ኦርቶዶክስን እምቢ ቢል ምን ይገርማል ብሎ ተቀበለው። እኔን ደግሞ፣ ወንድሟ ከከለከለው ወዲያ ማነጋገር ነውር ነው ብሎ አንቱ አለኝ።

ሰሎሞን ጋ ደወልኩ። ሥራ ላይ ነበር።

"ሽማግሌ ቤትህ መጥቶ ለኔ አትነግረኝም?"

"ሳይመለሱ ምን ብዬ ልንገርሽ? ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለ ሰውየው ሳጠያይቅ፣ ስጸልይ ከረምኩ። ርሆቦት ሁለት ቅዳሜ ዶሮ ሠርታ ጠበቀች! አንቺ በላሽው! ንቀውን ቀሩ ብዬ አዝኜ ነው የከረምኩት።"

"እና... መልስህ ምን ነበር?"

ከጀርባው የሆስፒታል ደወል ይሰማል። "ያንን ለሽማግሌዎች ነው የምናገረው። ወግ ወግ ነው። እሑድ ይምጡ። ሰውየው ግን..." ሳል ሳል አለ፣ "ሰውየው ግን የትም እንዳይሄድ በይው።"

ሞተሩ ድምፁን ሲለውጥ ሰማሁ። ቲና ገመድ ልትፈታ እየተዘጋጀች ነው፤ አየሩ ሳይበላሽ መውጣት አለባት፣ አትቆምም። ስልኬን ኪሴ ከተትኩና ሮጥኩ። የሞተር ክፍሉን ቀጭን መሰላል ወረድኩ። ሐዋዝ ጆሮ መከላከያውን አድርጎ ጀርባውን ሰጥቶኛል። ጮህኩ። አይሰማም። ዞሬ ፊቱ ቆምኩ። ስሜን የጠራ መሰለኝ፣ ግን በዚያ ጩኸት ምን ይሰማል። እኔም የምናገረው ብዙ ነበር፤ ኡፕሳላ፣ ዶሮ፣ ሁለት ሳምንት። ምኑን በእጅ ይነገራል?

እጄን አነሳሁና ጡጫዬን ጨበጥኩ።

ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ሞተሩን አጠፋው።

ቲና ከላይ "ማነው ሞተሬን ያጠፋው?" ብላ ጮኸች። እኔ በዚያ ድንገተኛ ጸጥታ ውስጥ፣ አስቤ የነበረውን ሁሉ ረስቼ፣ "ወንድሜ ተመለሱ ነበር ያላቸው። ተመለሱ!" አልኩት። ገባው። የአገር ልጅ ነው፣ ሁለተኛ ማስረዳት አላስፈለገም። መሰላሉ ላይ ቁጭ አለና በቅባት እጁ ፊቱን ሸፈነ፤ ሲያነሳው ጢሙና ጆሮዎቹ ጥቁር ሆነው ነበር፣ እየሳቀም እያለቀሰም።

"አንቺ ዕውር" አለኝ። "ስምንት ዓመት አጠገብሽ ቆሜ።"

አንቺ!

ኢዳን ማድረስ ስላለበት ሄዷል። ውሉን ግን አይፈርምም። "ስቶክሆልም የሚበላሽ ሞተር አያጣም" አለ። ቅዳሜ ከቲና ጋር በባቡር ይመለሳሉ። ወደቡ ላይ ብቻዬን ቆሜ አየኋት፣ ሰማያዊዋ ኢዳ ከጥዶቹ ጀርባ ገባች። ስምንት ዓመት ተሸክማኛለች፣ ትንሽ አለቀስኩላት፤ በዚህ ጊዜ በእውነት ለእሷ ብቻ ነበር ያለቀስኩት። ከዚያ እስከ መመለሻ ጀልባው ድረስ እየዘለልኩ ሄድኩ። ሰው አይቶኛል። ይየኝ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 30

የምጽፈው ሩታ ክፍል ወለል ላይ ሆኜ ነው። ልጅቷ ሳሎን አትታይም፤ ወግ ነው ተባልኩ። አርባ ሦስት ዓመቴ ቢሆንም ልጅቷ እኔ ነኝ።

ጋሽ ዓምደ ሚካኤል ዛሬ እንቅልፍ አይወስደኝም ብለው ቆመው መጡ አሉ፤ ባቡሩ ውስጥ ባዶ ወንበር ሞልቶ። ከቀጠሮው ሦስት ሰዓት ቀድመው ደርሰው ለርሆቦት ሽንኩርት ሲልጡ ዋሉ። ከዚያ በሩ ተደወለ። የውሻ ጥፍር ወለሉ ላይ ሲንኳኳ ሰማሁ። ርሆቦት "በስመ ኢየሱስ" አለች፣ ግን አልሸሸችም። ሐዋዝ የለም፤ እሱም በወጉ ታች ጣቢያው ጋ በብርድ ቆሞ ይጠብቃል። ከመስኮቱ ይታየኛል። ባርኔጣ አላደረገም፣ እነዚያ ጆሮዎች ቀልተዋል።

ሰሎሞን፣ "ተቀመጡ እንጂ" አለ።

"አንቀመጥም" አለች ቲና። በአማርኛ! ማን አስተማራት?

ጋሽ ዓምደ ሚካኤል ንግግር ጀመሩ። ረጅም ነው። አባቶቻቸውን፣ አባቶቻችንን፣ ባልቲክን ሁሉ አነሱ። አሁን ሰሎሞን ይናገራል፣ ድምፁ ዝቅ ብሏል፣ አይሰማኝም። ልቤ ከዊንቹ በላይ ይጮኻል። ሩታ በቁልፉ ቀዳዳ ታያለች። "ምን ይላል?" እላታለሁ፣ በእጇ ዝም በዪ ትለኛለች። አሁን ማንም አይናገርም። ለምን ማንም አይናገርም?

ወንበር ተንሿሿ።

ሩታ ዘወር አለች። በስዊድንኛ የምትመልስልኝ ሩታ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ በሹክሹክታ፣ "አክስቴ" አለችኝ፤ "ተቀመጡ። ውሻውም ተቀመጠ።"